የጃኬቱ ጀርባ

“ሰርጉ ይለፍ” አለ አጥናፉ ከቆርቆሮው አጥር ማዶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ቂርቆስ ውስጥ ድምፅን ዝቅ ማድረግ ከንቱ ድካም ነው፤ የአንዱ ቤት ግድግዳ ለሌላው ቤት ጓዳ ነው፣ ሹክሹክታም ከጩኸት ይልቅ ጆሮ ይስባል። ሩሐማ ከጋራው ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብላ ጥርሷን እየቦረሸች ነበር። የአጎቷን ድምፅ ስትሰማ መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር፤ ዛሬ ካዛንቺስ ለምታሳየው ትርኢት መልካም ዕድል ሊመኝላት ከጠዋቱ የመጣ መስሏት። “ሦስት ሳምንት የቆየ መርዶ አንድ ሳምንት ቢጨመርበት ምን ይሆናል? በሚቀጥለው እሁድ ልጄን ልዩን ልዳራት። ማክሰኞ ሲነጋ የዕድሩን ሽማግሎች ይዤ እመጣና ለእታለም በወጉ እነግራታለሁ። ተስፋለም እንደሆነ አንዴ ሞቷል። ዝም አይነቅዝም፣ እትዬ ዘሃራ።”

ተስፋለም የሩሐማ ታላቅ ወንድም ነው። አምና ጥር ላይ፣ ልክ በዚህ ብርድ፣ የባለሱቋ የእትዬ ዘሃራ ልጅ ዓብዱሰላም ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፍቶ ሰው ሆነ ሲባል ሰምቶ እሱም ተከትሎት ወጣ። ከወጣ ወዲህ ሁለቴ ደውሏል። አሁን ከአጥሩ ማዶ የቀረውን ሰማች፦ መንገድ ላይ ታመመ፣ አንድ ድንበር ላይ ሁለት ሌሊት ተኝቶ ሦስተኛውን አላደረም፣ አብረውት የነበሩት ልጆች እዚያው ቀበሩት፣ ዓብዱሰላምም ወሬውን አጣርቶ ለእናቱ ደወለ። ሩሐማ አፏ ውስጥ ያለውን አረፋ መትፋት ረሳች። ከዚያ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችና ፊቷን ታጥባ፣ ደግማ ታጥባ፣ ደግማ ታጠበች። እያለቀሰች እንደሆነ ያወቀችው ውሃው ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ጉንጯ ሲሞቃት ነው።

መርዶ እንደ ሰርግ ቀን ይቆረጥለታል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ የሐዘኑ ባለቤት ብቻ አያውቅም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የተባለው ለሐሜት ብቻ አይደለም። ሲነጋ ሽማግሎች በር ያንኳኳሉ፣ ከኋላቸው ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይቆማሉ፣ የዕድሩ ድንኳን ከመጋዘን ወጥቶ መንገድ ዳር ይጠብቃል። ደግ ደንብ ነው፤ ሰው ብቻውን ሆኖ ሰምቶ ብቻውን እንዳይወድቅ ያወጡት ነው። አጥናፉ ግን ይህን ደግ ደንብ ወስዶ ለሙሽራ መኪና ሊያውለው አሰበ። ሩሐማ አጎቷን ስትጠራው ጋሼ፣ ስታነጋግረው እርስዎ ነበር የምትለው። አባቷ ከሞተ ወዲህ የትምህርት ቤት ልብሷን የገዛላት፣ ተስፋለም ሲታሰር ዋስ የሆነው እሱ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ከዛሬ ጠዋት ወዲህ ግን በሆዷ አንተ አለችው።

ቤት ስትገባ፣ አጥናፉ እታለም የሚላት እናቷ ጦቢያ ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፋ ነጠላ ትተኩሳለች። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ አንደኛው አልጋና ቡፌ ይዞ ሞልቷል፣ ሁለተኛው የተስፋለም ነበር። ፍራሹ እሱ ከሄደ ጀምሮ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሮ ጥግ ላይ ቆሟል፤ እናቷ በየቅዳሜው ፈትታ ፀሐይ ላይ ታወጣውና መልሳ ታስረዋለች። ከፍራሹ በላይ ሚስማሩ ላይ ጃኬቱ ተሰቅሏል፦ ቡናማ፣ ክርኑ የነጣ፣ የደረት ኪሱ ላይ እናቷ በሌላ ቀለም ክር የጠገነችው። የምሄደው ሙቀት አገር ነው ብሎ ትቶት ሄደ። የዛሬው ትርኢት ያለዚያ ጃኬት አይቆምም።

ትርኢቱ የቻይና ጥንታዊ ተረት ነው። ባሏን በሰርጋቸው ሰሞን ወታደሮች ይዘው ታላቁን ግንብ ሊያስገነቡት ይወስዱባታል። ክረምት ሲገባ ሴትዮዋ ወፍራም ልብስ ሰፍታ በእግሯ ትነሣለች። ስትደርስ ባሏ ሞቷል፣ አስከሬኑም ግንቡ ሥር ተቀብሯል። አለቀሰች፤ ባለቀሰችው ልቅሶ ግንቡ ተናደ። ይህን ታሪክ ከቤጂንግ የመጣችው አዘጋጅ ሚስ ሊን ግማሹን በቻይና ተወዛዋዦች፣ ግማሹን በእኛዎቹ ልትሠራው ስትመጣ ከብዙ ሴቶች መካከል ሩሐማን መረጠች። የመረጠቻት በትከሻዋ አልነበረም፤ ትከሻማ ማን የለውም። የመረጠቻት ደረቷን ስትደቃ አይታ ነው። ይህንን ደግሞ ያስተማረቻት እናቷ ናት። ጦቢያ ከላስታ ስትመጣ ይዛው የመጣችው ሀብት ሙሾ ማውረድ ነበር፤ ቂርቆስ ውስጥ ያለ እሷ የደመቀ ልቅሶ የለም። ልጇን ሳሎኑ ውስጥ አቁማ፣ “በእጅ መዳፍ አይደለም፣ በትንፋሽ ነው። እጅሽ ሲያርፍ ትንፋሽሽ ይውጣ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም” እያለች አሳይታታለች። ታሪኩን የሰማች ቀንም ከንፈሯን መጥጣ፣ “ቻይና አገርም እንዲህ ያለች ምስኪን አለች?” ነበር ያለችው።

ጃኬቱ ላይ ግን ተጣልተዋል። ሚስ ሊን ከአገሯ ያስመጣችውን የሐር ካፖርት ወንድ ለብሶት የማያውቅ ልብስ ነው ብላ ጣለችውና ሰው የኖረበት ልብስ አምጡልኝ አለች። ሩሐማ የተስፋለምን ስትጠይቅ እናቷ ፊቷ ተለዋወጠ። የሟች ልብስ ነው ተይዞ የሚለቀስበት፤ በቁም ያለ ልጇን ልብስ አውጥታ ልታስለቅስበት? ሁለት ቀን አኮረፈች። በሦስተኛው ቀን ግን የልጇን ዓይን አይታ አንጀቷ አልችል አለና መላ አመጣች። “ስሚኝ” አለች፣ “የሞተ ሰው ልብስ ሲያዝ ደረቱ ነው ወደ ሕዝብ የሚዞረው። ኪሱ፣ ቁልፉ፣ እሱነቱ ያለው እዚያ ነው። አንቺ ጀርባውን አዙሪ። ጀርባ የማንም ጀርባ ነው። ጀርባውን ያየ ሰው ጨዋታ ነው ይላል፣ እግዜርም ጨዋታ ነው ይላል።” ከዚያ ወዲህ በልምምዱ ሁሉ የጃኬቱ ጀርባ ነበር የሚታየው። ሚስ ሊን ስንት ጊዜ ለመነች፣ ስንት ጊዜ ተቆጣች። ሩሐማ አላዞርም አለች።

“ዓይንሽ ምን ሆነ?” አለች እናቷ ካውያውን እንደያዘች።

“ሳሙና ገባበት።”

“ቀስ ብለሽ ታጠቢ።” ነጠላውን ገለበጠችው። “አጥናፉ ነው አይደል ያ የሚያወራው? ለምን አይገባም? ሰርጉ ናላውን አዞረው። ለከብቱ ብቻ ስንት እንደጠየቁት ነገረሽ? ድሮ በዚያ ብር ቤት ይገዛ ነበር።” ሩሐማ ጃኬቱን ከሚስማሩ አወረደችና በላስቲክ ከተተችው። “ጀርባውን” አለች እናቷ ቀና ሳትል። “እሺ እማዬ።” “ደግሞ ላብሽን እንዳታስነኪው። ሲመጣ ገና የጥር ብርድ ነው፣ ወዲያው ይለብሰዋል።” ሩሐማ ጎንበስ ብላ የእናቷን ትከሻ ሳመች። ይህን አድርጋ አታውቅም ነበር። እናቷ ካውያውን አቆመችና ቀና ብላ አየቻት፤ ሩሐማም ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

የእትዬ ዘሃራ ሱቅ ከመንገዱ አፍ ላይ ነው፤ በሩ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ውስጡ ዘይትና ሳሙና። ሁለት ሴቶች በሽንኩርት ዋጋ ያማርራሉ፤ ከአሁን አሁን ይሄዳሉ ብላ ስትጠብቅ ከሽንኩርት ወደ ዘይት፣ ከዘይት ወደ ቤት ኪራይ ተሻገሩ። እትዬ ዘሃራ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆነው የሩሐማን ፊት ሲያዩ ሚዛኑ ላይ የነበረው እጃቸው ቀረ። ለሴቶቹ ሽንኩርቱን መዝነው ሸኟቸው። ከዚያ ውሃ ከፍተው ሰጧትና ሳጥን ላይ አስቀመጧት።

“ሰማሽ” አሉ።

“ሰማሁ።”

“እኔ አይደለሁም የከለከልኩት፣ ልጄ። ነገሩ በእኔ አፍ የሚወጣ አይደለም፤ የሥጋ ዘመድ ነው የሚናገረው። አጎትሽን በየቀኑ እጨቀጭቀዋለሁ።” በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። “ዳቦ ልትገዛ በመጣች ቁጥር ‘ዓብዱሰላም ደወለ ወይ?’ ትለኛለች። ደወለ እላታለሁ። ‘የእኔስ ልጅ ደረሰለት ወይ?’ ትለኛለች። ገና ነው፣ መንገዱ ሩቅ ነው እላታለሁ። እሷ ደግሞ ለእኔ ነው የምትጨነቀው። ‘ከሳሽ ዘሃራ፣ ምን ሆነሽ ነው?’ እያለች መድኃኒት ታዝልኛለች። ይሄን አላህ ይወደዋል? ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጇን በአፌ እያስኬድኩላት።”

ሩሐማ ውሃውን ሳትጠጣው አስቀመጠችው። ለእትዬ ዘሃራ ልታዝንላቸውም ልትቆጣቸውም ፈለገች፣ ሁለቱም አልመጣላትም። ታክሲ ላይ ተሳፈረች። ረዳቱ የማያልቅ ነገር እያወራ ሒሳብ ይሰበስባል፤ አጠገቧ የተቀመጠው ሰው በስልኩ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ይጨቃጨቃል፤ ሁሉም ነገር ትናንት እንደነበረው ነው። የተስፋለም እጅ ጃኬቱን ሲያወልቅ ትዝ አላት። ወደዚያ ትዝታ እንዳትገባ ጥፍሯን መዳፏ ላይ ተከለች።

የቀድሞው ካዛንቺስ የለም። ሩሐማ በማለዳ ዘመኗ ለቱሪስት የጨፈረችበት የባህል ቤት፣ ከጎኑ የነበረው ዳቦ ቤት፣ ጓደኞቿ የተከራዩበት ግቢ፣ ሁሉም ፈርሶ ሰፊ አስፋልትና ብስክሌት መሄጃ ሆኗል፤ ነዋሪው ሩቅ ኮንዶሚኒየም ገብቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈሩን ሊጎበኝ ይመጣል። አዳራሹ ብቻ ተርፎ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ቆሟል። በሩ ላይ የትርኢቱ ትልቅ ፎቶ ተለጥፏል፤ ፎቶው ውስጥ ሩሐማ ጃኬት ከፍ አድርጋ ይዛለች፣ ጀርባውን። ዓመታት ሙሉ ለሰው ራት ማወራረጃ ስትጨፍር ኖራ እንዲህ ያለ ፎቶ የመጀመሪያዋ ነው። ትርኢቱ ዛሬ ከሠመረ ቡድኑ በሚያዝያ ቻይና አገር ይዞራል፤ የእሷም ፓስፖርት ሚስ ሊን እጅ ነው።

የመጨረሻው ልምምድ ላይ አካሏ ታዘዘላት፣ ይህም አስፈራት። በሰርጉ ትዕይንት ሳቀች። በመንገዱ ትዕይንት መድረኩን እየዞረች ተጓዘች። ቀጥሎ ያለው ትዕይንት ላይ ግን እግሯ ተሳሰረ። ሴትዮዋ ግንቡ ጋ ትደርስና ባሏን ትጠይቃለች፤ ሠራተኞቹ የእንጨት ሣጥኖቹን ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ ግንቡን ይሠራሉ፣ እሷ ፊታቸው ስትቆም እያንዳንዳቸው ወደ ሌላ ይዞራሉ። መሞቱን ሁሉም ያውቃሉ፣ ማንም አይነግራትም። ሩሐማ ይህንን ትዕይንት ለወራት ተወዛውዛዋለች፤ የሚያምር ዙረት እንጂ ሌላ መስሏት አያውቅም። ዛሬ አንዱ ልጅ ሣጥን ተቀብሎ ፊቱን ሲያዞርባት እትዬ ዘሃራን አየች። አቋርጣ ቆመች።

ሚስ ሊን ከታች ሆና በቻይንኛ ተናገረች። አስተርጓሚው ሓዱሽ እዚያው አገር ተምሮ የመጣ ወጣት ነው፤ የሚተረጉመውን ሁሉ ማለስለስ ይወዳል። “ማለቴ፣ ደክሞሽ ከሆነ እረፊ ነው የምትለው። ደግሞ፣ በቃ፣ ያው ስለ ጃኬቱ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቃት ትላለች። ከፊት ብታሳዪው ሰዉ ባልየውን ያየዋል። ከጀርባ ጨርቅ ነው፣ ከፊት ሰው ነው።”

“አልችልም በላት።”

ሓዱሽ ተረጎመ። ሚስ ሊን እጇን አንሥታ ጣለች። ከዚያ ወደ መድረኩ ወጥታ የሩሐማን ፊት ጠጋ ብላ አየችና ለሓዱሽ አንድ አጭር ነገር ተናገረች። “ቤት ሰላም ነው ወይ እያለችሽ ነው” አለ ሓዱሽ። “ትርኢቱን ማስቀረት ይቻላል፣ ሰው ከትርኢት ይበልጣል ትላለች።” ሩሐማ መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ወንድሜ ሞቷል ብትል ይቀራል። ፎቶው ከበሩ ይነሣል፣ ሚያዝያ ይቀራል፣ ወሬውም ከአዳራሹ ወጥቶ ቂርቆስ ከእሷ ቀድሞ ይገባል። ቢያንስ ይህቺ ማታ ትለፍ ብላ አሰበች። “ሰላም ነው” አለች ጮክ ብላ። ወደ መልበሻ ክፍሉ ስትሄድ ነው ያሰበችውን ነገር ከማን እንደሰማችው ያስታወሰችው፤ አፈረች።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል አጥናፉ መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ቆመ። ለሰርጉ ያሰፋውን ሱፍ ለሙከራ ለብሶታል፤ ጫማውም አዲስ ነው። ወፍራም፣ ገር ፊት ያለው ሰው ነው፤ እንግዳ ሲቀበል የሚያምርበት። “የእኛ ኮከብ” አለ። “እናትሽን ከፊት አስቀምጫታለሁ። ግማሽ ቂርቆስ መጥቷል።”

“ሰምቻለሁ፣ ጋሼ” አለች።

“ምኑን?” አላላትም። ወደ ኋላው ዞር ብሎ ኮሪደሩን አየና በሩን ዘጋው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ፣ ዓይኑም እንባ አዘለ። እንባው የውሸት አልነበረም፤ ተስፋለምን ብስክሌት ያስተማረው እሱ ነው። “አንጀቴ አርሮ ነው የምውለው፣ ልጄ” አለ። “ግን ምን ላድርግ? አዳራሹ ተከፍሏል፣ ሰው ተጠርቷል፣ የወንድ ወገን ከደሴ ይመጣል። ለቅሶ ተቀምጬ ልድር? አንዴ የተበተነ ሰርግ መልሶ ይሰበሰባል? እሱ እንደሆነ አይመለስ። ለእናትሽም አንድ ሳምንት የደስታ ቀን ጨመርኩላት እንጂ ምን ጎዳኋት?” እጇን ይዞ መታ መታ አደረገው። “አንቺ በሳል ልጅ ነሽ፣ ይገባሻል። አንቺም ዛሬ ትርኢት አለሽ፣ እኔም እሁድ ሰርግ አለኝ። እንረዳዳ።”

እጇን ቀስ ብላ ከእጁ አወጣች። የተናገረው ሁሉ ቀን ሙሉ እሷ ለራሷ ስትነግረው የዋለችው ነበር። “ይግቡ፣ ሊጀመር ነው” ብቻ አለችው። ሲወጣ ጫማው ጢጭ ጢጭ ይላል።

መብራቱ ሲጠፋ የቂርቆስ ሰዎች ሳል ከሁሉም ጎልቶ ተሰማ። ሩሐማ ከመጋረጃው ሥር እናቷን አየቻት፤ ከፊት፣ መካከል፣ የተተኮሰውን ነጠላ ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቤተ ክርስቲያን የመጣች ያህል ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። በአንድ ጎኗ አጥናፉ፣ በሌላ ጎኗ እትዬ ዘሃራ። የሰርጉ ዘፈን ሲጀመር አዳራሹ አጨበጨበ። ባልየውን የሚጫወተው ቻይናዊ ልጅ እስክስታውን እንደ ምንም ሲሞክር ሴቶቹ እልል አሉለት፤ ጦቢያም በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ሩሐማ መድረክ ላይ ሆና የእናቷን ሳቅ ለየችው። የሰርግ ሳቅ ነበር። ይህ ነው የተጨመረላት ሳምንት ብላ አሰበች፤ ልጇ አፈር ለብሶ እሷ ሰርግ ላይ እንዲህ ትስቃለች፣ በኋላም ስትሰማ እያንዳንዷን ሳቅ በራሷ ላይ ትቆጥራታለች።

ወታደሮቹ መጡ፣ ልጁን ወሰዱት። ሩሐማ ጃኬቱን በደረቷ አቅፋ መንገዱን ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች። ጃኬቱ እንደ ፍራሹ በየቅዳሜው ፀሐይ የሚሞቅ ልብስ ሽታ ይሸታል። ግንቡ ጋ ስትደርስ ሣጥኖቹ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዱ ነበር፤ አንዱ ጋ ቆመች፣ ፊቱን አዞረባት፤ ሌላው ጋ ቆመች፣ ፊቱን አዞረባት። አሁን የምትጨፍረው የቻይናዋን ሴት አልነበረም፤ በየማለዳው ዳቦ ልትገዛ የምትወጣ አንዲት ሴት ነበር፣ በየበሩ እየጠየቀች፣ በየበሩ እየተዋሸች። ከበሮው ቆመ። ጃኬቱን የምታነሣበት ሰዓት ደረሰ። እናቷ ከፊት ሆና አገጯን በትንሹ ነቀነቀችላት፤ ሳሎን ውስጥ ስታለማምዳት እንደምታደርገው፣ በርቺ ጀርባውን ማለቷ ነው።

ሩሐማ ጃኬቱን አነሣች። ጀርባው ወደ ሕዝቡ ነበር። አጥናፉ እጁን ሆዱ ላይ አጣምሮ ረጋ ብሎ ያያታል፤ የተዋዋለውን ሰው እንደሚያይ። ያኔ የእጇ አንጓ ታጠፈ። ጃኬቱ በትከሻው ተይዞ ቀስ ብሎ ዞረ፦ የነጡት ቁልፎች፣ የቀኝ እጅጌው እጥፋት፣ በሌላ ቀለም ክር የተጠገነው የደረት ኪስ። ደረቱን ወደ እናቷ አድርጋ ያዘችው፣ በግራ እጇ። በቀኝ እጇ ደረቷን ደቃች፣ አንዴ። ትንፋሿ ወጣ።

ከመድረኩ ጎን ሚስ ሊን ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ወራት የለመነችውን ነገር በመጨረሻ አየች። ሓዱሽ አጠገቧ ሆኖ ፈገግ አለ።

ጦቢያ ተነሣች። ቦርሳዋ ከጭኗ ወድቆ ሳንቲም ሲበተን ተሰማ። አጥናፉ ክንዷን ያዘ። “እታለም፣ ተቀመጪ። ጨዋታ ነው እኮ።”

“አውቃለሁ” አለች፣ ዓይኗን ከጃኬቱ ሳትነቅል። “ጨዋታው ጀርባው ነበር። ያስተማርኳት እኔ ነኝ።”

እጁን ከክንዷ አላቀቀች። የተተኮሰውን ነጠላ ከትከሻዋ ገፈፈች፣ ጥለቱን አዘቅዝቃ ደግማ ለበሰችው፣ ሳትቸኩል፣ ስትሠራው እንደኖረች። ከአጠገቧ እትዬ ዘሃራ ተነሡ። ከኋላ አንዲት የቂርቆስ ሴት ተነሣች፣ ከዚያ ሌላዋ፤ የሚያውቁት ሁሉ በአንድ ረድፍ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ቆሙ። የጦቢያ ድምፅ ቀጭን ሆኖ ጀመረ፣ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠ እንግዳ ሁሉ የትርኢቱ ክፍል መስሎት ጆሮውን ሰጠ።

“ልብስህ ብቻ መጣ በእህትህ ተይዞ፣
ገላህ የት ቀረብኝ በብርድ ደንዝዞ።”

ከመድረኩ ጀርባ ገመድ የያዘው ሠራተኛ የልቅሶ ድምፅ ሲሰማ ሰዓቱ የደረሰ መሰለው። ሳበው። ግንቡ ከላይ ጀምሮ ተናደ፤ ሣጥኖቹ እየተንኳኩ ወደቁ፣ አቧራ ተነሣ፣ አዳራሹ በአንድ ጊዜ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም ነበር። ከኋላ አንድ ሰው ያፏጫል፣ ሌላው በስልኩ ይቀርጻል። ሩሐማ በሣጥኖቹ መካከል ተራምዳ መድረኩ ጫፍ ላይ ተንበረከከች። እናቷ ደርሳ ቆማለች። ጃኬቱን ከልጇ እጅ ተቀበለችና አቀፈችው፤ ከዚያ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈች፣ ብርድ እንዳይገባ።

“መቼ ሰማሽ?” አለች።

“ዛሬ ጠዋት፣ እማዬ።”

እናቷ የልጇን ፊት ለረጅም ጊዜ አየች፤ ዓይኗን፣ ሳሙና የገባበትን። እጇን ዘርግታ ጉንጯን ነካች። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረች። አጥናፉ ከወንበሩ አልተነሣም ነበር።

“አንተስ አጥናፉ?”

አጥናፉ አዲሱን ጫማውን ያያል። አዳራሹ ገና ያጨበጭባል።